ጧፍህን አጥፋ ያልኩበት ደብዳቤ

እናቴ «ልጄ ሃይማኖቷን ለወጠች» ብላ እያዘነች ነው የሞተችው። ለዚህ ያበቃን አንድ አብራሪ የሌለው አውሮፕላን ነው፤ እኔም እሷም አይተነው የማናውቀው።

አገር ቤት ድንበር ላይ ጦርነት በተነሳ ጊዜ እኔ ዓረብ አገር፣ ኾበር ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ግንባር ላይ ራዳር ክፍል ነበር የሚሠራው። እኔ ጋ ደግሞ እግሩ ተሰብሮ የተኛ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ነበር። መርፌውን ስወጋው አገሩ ሳለ ይሞክሩት ስለነበረው አውሮፕላን ያጫውተኛል። ሰማይ ላይ እየዞረ ይጠብቃል፤ የጠላት ራዳር ሲበራ ሞገዱን ተከትሎ ይወድቅበታል።

«ራዳሩ ቢጠፋስ?» አልኩት።

«መንገዱ ይጠፋዋል። አትፍሪ ሲስተር፣ ገና ሙከራ ነው። ግማሹ አሸዋ ላይ ነው የተከሰከሰው» ብሎ ሳቀ።

እኔ መች ሳቅሁ። በዚያው ሳምንት ለወንድሜ ጻፍኩ። ደብዳቤ ይከፈታል ብዬ ራዳር ማለት ፈራሁ፤ «ከላይ ድምፅ ስትሰማ ጧፍህን ቶሎ አጥፋ፤ እንግዳው ብርሃን እያየ ነው የሚመጣው» አልኩ። ሁልጊዜ ከራስጌው የማሰፍረውን «በስመ አብ» እንኳ ለጥንቃቄ ተውኩት። በሰው እንድታደርስልኝ ብዬ ደብረ ብርሃን ለእናቴ ላኩት።

እናቴ ማንበብ አትችልም፤ የነፍስ አባቷ አነበቡላት። በነጋታው ከቴሌ ደወለችልኝ።

«ማተብሽ አለ?»

«አለ እማዬ።»

«አንገትሽ ላይ?»

መዋሸት አልሆነልኝም። «እዚህ አይፈቅዱም፤ ከውስጥ ልብሴ ጋር ሰፍቼዋለሁ።»

«ማተብ ይሰፋል እንዴ? አንቺስ እሺ፣ ወንድምሽን ጧፍህን አጥፋ ትይዋለሽ?»

«ጧፍ ያልኩት ሌላ ነው እማዬ…»

«ምንድን ነው እሱ?»

በስልክ ግንባርና ራዳር ማንሳት ፈራሁ። ዝምታዬን ሃይማኖቴን መለወጤን እንዳመንኩ ቆጠረችው። ደብዳቤውንም ለወንድሜ አልላከችለትም።

የመውጫ ወረቀቴን፣ ኹሩጅ የሚሉትን፣ እየለመንኩ ሳለ እናቴ አረፈች።

ወንድሜ በሰላም ተመለሰ። ያ አውሮፕላን እነሱ ጋ ደርሶም አያውቅም። «የእኛ ራዳር እኮ አብዛኛውን ቀን ተበላሽቶ ነበር የሚውለው፣ እትዬ» አለኝ።

አገር ቤት ስገባ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ነፍስ አባቷ ነው። እስክታርፍ ድረስ በየእሑዱ በክርስትና ስሜ «ትመለስልኝ» እያለች ታስጸልይ እንደነበር ነገሩኝ። ነገሩን ሁሉ አስረዳኋቸው። ሰምተው ጨረሱና፣

«አሁን ለእሷ ማን ይንገራት?» አሉ።