ጤነኛዋ ሳጥን

ከጫማ መስፊያ ክፍሌ ጋር ግድግዳ የሚጋራውን ሬዲዮ ሠሪ ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። የተበላሸ ሬዲዮ ሲመጣለት ወዲያው አይከፍተውም፤ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጠዋል፣ ከዚያ ባለቤቱን «መቼ ጀመረው?» ብሎ ይጠይቃል። ሠላሳ ዓመት ተጎራብተናል። ጉድለት ያለበት ነገር ከእጁ እንዲወጣ አይወድም። ይህን ጠባዩን ለረጅም ጊዜ እንደ በጎነት ብቻ ነበር የማየው።

ታናሽ ወንድሙ ጊታር ተጫዋች ነበር። በወጣትነታቸው ዶክተሩ በእግር የምትረገጥ አንዲት ሳጥን ሠራለት። ቀፎዋ የብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ ውስጧ ከወዳደቁ ሬዲዮኖች የተለቀሙ ሁለት ትራንዚስተሮችና አንድ እፍኝ የማይሞሉ ዕቃዎች አሉ። የጊታሩ ድምፅ በእሷ አልፎ ወደ ማጉያው ሲገባ ይሻክራል፤ ጉሮሮው እንደቆሰለ ሰው ያጉረመርማል። ታናሽየው ዕድሜውን በሙሉ በዚያ ድምፅ ኖረ። ሚስቱንም ያገኘው በእሱ ነው እየተባለ ይቀለድበት ነበር።

አንድ ነገር ነበረው። ድምፁ ልኩ ላይ ሲደርስ የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ሳያዝዘው ይንቀሳቀሳል። ዶክተሩ ሳጥኗን ሲያስተካክል ዓይኑን የሚጥለው እዚያች ጣት ላይ ነበር። «አፉ ደስ እንዲለኝ ብሎ ይዋሻል፤ ጣቱ ግን መዋሸት አታውቅበትም» ይለኝ ነበር።

በስተርጅና አንድ ጠዋት ታናሽየው ከአልጋው ሊነሳ ሲል ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ልቡም ደክሞ ነበር። ሐኪሞቹ «ቤቱ ይሁን» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ለሁላችንም ገባን።

ሚስቱ ሳጥኗን በጨርቅ ጠቅልላ ሱቁ ድረስ አመጣችለት።

«ድምፅ የላትም» አለችው። «አንድ ጊዜ ሰምቷት ቢሄድ ነው ምኞቱ። ሌላ የጠየቀኝ ነገር የለም። ከጋሼ በቀር ማንም አያውቅባትም ብሏል።»

ዶክተሩ ፈታት። የባትሪዋ ሽቦ ተበጥሷል። እሱን ብቻ በይዶ ቢመልሳት ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እሱ ግን የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ አወጣ።

«አየህልኝ ይሄን ጉድ?» አለኝ። «ትራንዚስተሩ እንደ ወንፊት ያፈሳል። ካፓሲተሩ ደርቋል። ወንድሜን በዚህ ልሸኘው?»

«እንዲህ ሆና አይደል ስትሠራ የኖረችው?»

«አንተ ጫማህን ስፋ።»

የድሮ ትራንዚስተር ሙቀት አይችልም። ሲነቀል እግሩን በፒንሳ ቆንጥጠው ይይዙታል፣ የመበየጃው ሙቀት ወደ ፒንሳው እንዲሄድ። ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። ያን ቀን ግን ፒንሳውን አላነሳም። ቴስተሩ ሞተዋል ብሎ ፈርዶባቸዋል፤ ለሬሳ ማን ይጠነቀቃል? ሁለቱንም በባዶ መበየጃ ነቅሎ ጣላቸውና አዳዲስ ተካ።

በማግስቱ ከሰዓት ይዘናት ሄድን። የበሽተኛው ግራ እጅ ክር መጫን ስለማይችል ጊታሩን እኔ ታቅፌ በግርጌው በኩል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዶክተሩ ብርድ ልብሱን ከወንድሙ እግር ላይ ገለጥ አደረገ።

«ጫማ ሰፊው» አለኝ ታማሚው፤ አፉ ተጣሟል፣ ቀልዱ ግን አልተጣመመም፤ «ወፍራሙን ክር በአውራ ጣትህ ምታው። ቆዳ እየወጋህ እንዳይመስልህ።»

መታሁት። ድምፁ ሞልቶ፣ እኩል ሆኖ ወጣ። ጣቱ ዝም አለች።

«ጋሼ፣ ይቺ ጤነኛ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «የኔዋ በሽተኛ ነበረች።»

«ደህና ናት እኮ! እኔ ልዩነቱ አልታየኝም» አለች ሚስቱ።

«አንቺማ እኔንም ደህና ነህ ስትዪኝ ነው የከረምሽው» አላት።

ዶክተሩ ወደ ሱቁ ሮጠ ማለት ይቻላል፣ በዚያ ዕድሜው። የጥራጊውን ቆርቆሮ ገልብጦ ሁለቱን ትራንዚስተሮች አገኛቸው። ለካቸው። አሁን በእርግጥ ሞተዋል። ሊኩል ገብቶ ዓይን ያጠፋ የሚባለው እሱ ሆነ። ከዚያ በኋላ ፒንሳው ከእጁ አልተለየም፣ ግን ምን ይረባል።

ባለቤታቸው የረሳቸውን አሮጌ ሬዲዮኖች ሁሉ ከፍቶ አንጀታቸውን አወጣ። አንዱን ትራንዚስተር ያስገባል፣ ሌላውን ያወጣል። ሬዚስተሩን ከፍ ያደርጋል፣ ዝቅ ያደርጋል። የደከመ የባትሪ ድንጋይ ይሻላል ብሎ የእኔን የእጅ ባትሪ ባዶ አስቀረው። ዘጠኝ ቀን በየከሰዓቱ ተመላለስን። አንዳንዴ የቀረበ ይመስለኝ ነበር። ዶክተሩ ጣቷን ያያል፣ ሳጥኗን ይጠቀልላል፣ ተነስተን እንወጣለን። 

በአሥረኛው ቀን ስንገባ ታማሚው ፊቱ አመድ መስሏል። ዶክተሩ እንደ ልማዱ እጁን ወደ ብርድ ልብሱ ሲዘረጋ፣ «ተወው ጋሼ፣ እግሬን በርዶኛል» አለው። ጣቱ እንደምትታይ ያኔ ያወቀ አልመሰለኝም። ሲያውቅ የኖረ ይመስለኛል።

ክሩን መታሁት።

«እሷ ናት» አለ ዓይኑን ጨፍኖ። «አገኘሃት፣ ጋሼ። እሷው ራሷ ናት።»

ዶክተሩ ብርድ ልብሱን አየው። እጁን ቢሰድ ይደርስበታል። አልሰደደም። «እንግዲያው ተመስገን» አለ፣ ሳጥኗንም አልጋው ሥር ትቶለት ወጣን። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው።

ሚስቱ ሳጥኗን መለሰችለት። አሁንም ሥራ ሲቀዘቅዝ ይከፍታታል፤ አንድ ነገር ይነቅላል፣ ሌላ ይበይዳል። ከዚያ ግድግዳውን ሁለቴ ይመታል፤ እኔ መርፌዬን አስቀምጬ እሄድና ወፍራሙን ክር እመታለታለሁ። ከቀበርነው ዓመት ሊሞላው ሲል፣ የክሩ ድምፅ ሳይጠፋ ድንገት ጠየቀኝ።

«ያን ቀን በግርጌ የተቀመጥከው አንተ ነበርክ። ጭንህ እግሩን ይነካ ነበር። ተንቀሳቅሳ ነበር?»

ጭኔን የነካው ቀኝ እግሩ እንደ ድንጋይ ነበር። በዕድሜዬ የዋሸሁት ትንሽ ነው፤ በዚያ ላይ ልጨምር አልፈለግሁም። እውነቱንም ልሰጠው አልቻልኩም።

«ብርድ ልብሱ ወፍራም ነበር» አልኩት።

 ዶክተሩ ፒንሳውን አንስቶ መበየጃውን ሰካ።