መምህሩ ሲሞት ያለው

ልሄድ ስል፣ በዋዜማው አመሻሽ፣ እናቴን ተሰናብቼ ስወጣ ወዳጄ ይማም በምርኩዙ እየተደገፈ መጣ።

«ቻይና፣ ጓንዡ ስትደርስ አንድ ነገር አጣራልኝ» አለኝ። «በዚያ ፊልም ላይ መምህሩ ሊሞት ሲል ለተማሪው ያለውን።»

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ፤ መካነ ሰላም ላይ ቪዲዮ ቤት የነበረኝ እኔ ነኝ። የጓንዡ ሰዎች በሚናገሩት በካንቶን ቋንቋ የተሠራ የካራቴ ፊልም ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ በአማርኛ የምተርክ፣ ቋንቋውን ማንም ሳያስተምረኝ ከተዋናዮቹ ፊት የተማርኩ። ርካሽ ፊልሞች ነበሩ። ቡጢው ሳያርፍ ድምፁ ይቀድማል፤ የሞተው ሰውዬ ይተነፍሳል፤ የጥንት መነኩሴ ክንድ ላይ የእጅ ሰዓት አይቻለሁ። ግን ድሃው ተማሪ ውሃ ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ ቤት ሙሉ ሰው አብሮት ያለከልካል። በአንደኛው መምህሩ ደም እየተፋ ሲሞት «እናትህን ትተህ እንዳትሄድ» ብዬ ተረጎምኩ። ይማም ያኔ ለሳዑዲ ሻንጣውን አስሮ ነበር። ፈታው። እናቱን እስከ ዕለተ ሞቷ ጦረ።

ኋላ ስልክ ቪዲዮ ቤቴን አዘጋው፤ ጓንዡ የሚነግደው ልጄ ከማልም ወሰደኝ። ኤርፖርት ላይ መኮንኑ ፎቶዬንና ፊቴን ደጋግሞ አስተያየ።

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ቋንቋችሁን በትክክል መተርጎሜን ላጣራ» አልኩ። ከማል የተረጎመው በጣም አጭር ስለነበር ጠረጠርኩት።

እዚህ ማንንም አላምንም። ጠዋት መናፈሻው ውስጥ ሽማግሌዎች እጃቸውን ቀስ አድርገው ያንሳፍፋሉ። ፊልሙ ላይ አገር የሚያሸብረው ኩስስ ያለው ሽማግሌ ነውና መንገድ እለቅላቸዋለሁ። ምግባቸው በርበሬ የለው፤ አየሩ እንደ እርጥብ ጋቢ ይጠመጠማል። ብርዳችን ናፈቀኝ።

ከማል ያንን ፊልም ስልኩ ላይ አገኘው። ለአከራያችን፣ ለአገሩ ተወላጅ፣ አሳየነው። ሰውዬው ሳቀ።

«‹ገዳዬን ፈልገህ ግደልልኝ› ነው የሚለው ይላል፣ አባባ።»

«እናት የሚል የለበትም?»

«የለበትም ይላል።»

«ይዋሻል! በዚያ ፊት ላይ በቀል አይነበብም። ደግሞ ኪራይ ሊጨምርብን ሲመጣም እንዲሁ ነው የሚስቀው።»

«አባባ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ!»

ዓርብ ይማም ደወለ።

«አጣራህ?»

«አጣራሁ። አንድ ቃል አልሳትኩም።»

«አልሃምዱሊላህ!» አለና ረጅም ተነፈሰ። «ትናንት እናትህ ዘንድ ነበርኩ። በር በሩን ታያለች።» ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እንግዲያስ አንተ ምነው ትተሃት ሄድክ?»

መስመሩ ይቆራረጣል አልኩት። አልተቆራረጠም። ከበስተጀርባው የሚኒባስ ረዳት «ደጎሎ! ደጎሎ!» እያለ ተሳፋሪ ሲጠራ ጥርት ብሎ ይሰማኛል።