ቆይ የተባለው ውሻና የጀብሪል ዲን

መካነ ሰላም ውስጥ ከአያ አካሉ በላይ ቆዳ የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። ሐኪም አልነበሩም፤ ብራና ፋቂ ነበሩ። አንድ የፍየል ሌጦ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ይይዙና፣ ፍየሏ በሕይወት ሳለች ስንት እሾህ እንደወጋት፣ በየትኛው ክረምት እንደራባት፣ ከጎረቤት ፍየል ጋር ተጣልታም ከሆነ ጠቡን ማን እንደጀመረ ሳይቀር ይናገሩ ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሌጦ ወጥረው ሲፍቁ የራሳቸው የእጅ ቆዳ ከፋቁት ሁሉ ቀጥኖ፣ ጧፍ ፊት ቢይዙት ማዶ ያለው ሰው በመዳፋቸው ውስጥ የሚታይ ይመስል ነበር።

ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር አድማሴ የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ነበር። አድማሴ አንድ ጊዜ ከወረኢሉ ሲመለስ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ በድንጋይ ሲያባርሩት ያገኘውን ቡችላ ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ አመጣና «ቆይ» ብሎ ስም አወጣለት።

«ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ስም ነው?» ቢሉት፣

«አያ አካሉ፣ በዚህ ዘመን ሰው ሁሉ ቆይ ሲባል ይሮጣል። ቆይ ሲባል የሚመጣ አንድ ፍጡር እንኳ ይኑረን ብዬ ነው» አላቸው።

ቀልዱ ለአድማሴ አልበጀውም። በ1970 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ «ለሁለት ሳምንት ሰሚናር ትፈለጋለህ» ተባለና በላንድሮቨር ወደ ደሴ ተወሰደ። እግሩን ወደ መኪናው ሲያነሣ «ውሻዬን አደራ፣ እስክመለስ» ብሎ ጮኸ። ሰሚናሩም ዓመት ከሰባት ወር ሆነው። እንዲህ የሚያስተምር ሰሚናር በዓለም ላይ ታይቶ አይታወቅም፤ እስከዚያ ድረስ ተምሮ የጨረሰ ሰው አልነበረም።

ጌታው በሄደ በዓመቱ የቆይ ፀጉር ይረግፍ ጀመር። መጀመሪያ ከጆሮው፣ ቀጥሎ ከጎኑ፣ በኋላ ከጅራቱ። ቆዳው ተጨማደደ፣ ተሰነጠቀ፣ ስንጥቁም እዥ ቋጠረ። እከኩ ከመጽናቱ የተነሣ ቁንጫዎቹ «እዚህስ አይኖርም» ብለው ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ወግዲ ተሰደዱ ይባላል። አያ አካሉ አንድ ቀን ቁጭ ብለው ቢቆጥሩ የቀረው ሠላሳ አንድ ፀጉር ብቻ ሆነ፤ ከዚያም ውስጥ አሥራ አራቱ የጢሙ ናቸው።

«አንቱ ሰውዬ፣ ይህን ፍጡር ቢገላግሉትስ ምናለ? ነፍሱም ታርፍ ነበር» አለች ባለቤታቸው ወርቅዬ።

«የሰው አደራ ነው።»

«ሰውየውስ አለ?»

አያ አካሉ የውሻውን ውኃ ሊሞሉ ተነሡ። «ውሻው እስካለ አድማሴም አለ» የሚል ነገር በሆዳቸው ይዘው ነበር። ለማንም አልተናገሩትም፤ ከአፋቸው ከወጣ የሚፈርስ ይመስላቸው ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ግንቦት መግቢያ ላይ አንድ ያበደ ውሻ በገበያ መሐል ሁለት ሰው ነከሰና ቀበሌው አዋጅ አወጣ። ጤነኛ ውሻ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ተመዝግቦ ቁጥር ያለው ቆርቆሮ በአንገቱ ያንጠለጥላል፤ እከካም ውሻ በተገኘበት ይገደላል። በአዋጁ ላይ እከካም ውሾች ከአናርኪስቶች ቀጥለው፣ ስኳር ከሚደብቁ ነጋዴዎች ደግሞ ቀድመው ተጽፈው ነበር።

አያ አካሉ ቆይን ከጎተራው ጀርባ ደበቁት። ፀጉሩ ከሰኔ በፊት ከበቀለ ይመዘገባል፤ ካልበቀለ አለቀለት። ትልቁ ችግር መደበቁ አልነበረም፤ ስሙ ነበር። ውሻው ስሙን ከሰማ ሠርግ ነው ለቅሶ ነው ሳይል ዘሎ ስለሚመጣ፣ ቃሉ ከቤቱ ታገደ። አማርኛ ያለ «ቆይ እስቲ» እንዴት እንደሚነገር ያልሞከረው ሰው አያውቀውም። ወርቅዬ ወጡ ሊያርርባት ሲል «ታገሥ፣ ታገሥ» እያለች ከድስቱ ጋር ትከራከር ነበር።

መድኃኒቱን አያ አካሉ ያውቁታል፤ ቢጫውን ድኝ ፈጭቶ በተቃጠለ የመኪና ዘይት ለውሶ መቀባት ነው። ዘይቱን ከአውቶቡሱ ሾፌር አገኙ። ድኙን ፍለጋ ወደ ጀብሪል ሱቅ ሄዱ።

እዚያም ብርሀንነሽ ጨው ልትገዛ ቆማለች። ብርሀንነሽ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ናት። ደሴ ላይ ሰው ሲያነጥስ መካነ ሰላም ሆና «ይማርህ» የምትል፣ ጆሮዋ የተባረከ ሴት ናት። አያ አካሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጀብሪል፣ ዲን አለህ?»

ድኝን ዲን ይሉታል፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ ሃይማኖትም ዲን ነው። ጀብሪል ቀልድ ሲያገኝ አያሳልፍም።

«አልሐምዱሊላህ! አለኝ እንጂ አያ አካሉ፣ ከእናቴ ማህፀን ጀምሮ። አንቱስ?»

«ጨዋታውን ተወው፣ ቸግሮኛል። ስጠኝ።»

«ምን ያህል ይበቃዎታል?»

«ለአንድ ነፍስ የሚሆን።»

«አብሽር። እዚህ ግን አላስቀምጥም፣ ቤት ነው ያለው። ዓርብ ከሶላት በኋላ ብቅ ይበሉ።»

ብርሀንነሽ የገዛችውን ጨው ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች።

ወሬው በሰንበቱ ወግዲ ሲደርስ አያ አካሉ ሰልመው ስማቸው አብዱልቃድር ተብሏል። ኩታበር ሲደርስ ሐጅ አድርገው ተመልሰዋል። መካነ ሰላም ውስጥ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። የንስሐ አባታቸው ከደጁ መጡና ሳይገቡ ቆሙ።

«አካሉ፣ ከጀብሪል ዲን ተቀበልክ የሚሉት እውነት ነው?»

«ተቀብያለሁ አባቴ፤ ግን ለመድኃኒት ነው።»

«ለማን መድኃኒት?»

ለውሻ ነው ካሉ የተደበቀው ይወጣል። አያ አካሉ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። አባ እያዘኑ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያው ለሰኔ ሚካኤል ታደርሰዋለህ የተባለው ዳዊት ይቅር። የነካኸውን ብራና አንይዝም ብለዋል ካህናቱ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወርቅዬን በማኅበሩ የሚጠራት ጠፋ። ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ ይነሡ ጀመር። ለእርቅም ለሽምግልናም ይጠሩ የነበሩት አያ አካሉ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ በዙሪያቸው ያለው ሰው ይሳሳል።

«ይንገሯቸው እንጂ!» አለች ወርቅዬ አንድ ቀን እያለቀሰች። «ለአንድ ውሻ ብለው የምንቀበርበትን ያሳጡን?»

«ሦስት ሳምንት ብቻ። ፀጉሩ ይብቀል፣ ያን ጊዜ እናገራለሁ።»

ጠዋት ጠዋት ውሻውን ይቀባሉ፤ ከዚያ ማንም የማይቀበለውን የመጨረሻውን የዳዊት ብራና ቅጠል ይፍቃሉ። በሃምሳ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያለ ሌጦ አግኝተው አያውቁም። እሾህ አልወጋውም፣ መዥገር አልነካውም፤ እንደ ወተት ነጭ ነው። መወጠሪያው ላይ ሆኖ በጣት ነካ ሲያደርጉት ይዘምራል። በአሥራ አምስተኛው ቀን ደግሞ የቆይ ጎን ላይ እንደ ጤፍ ቡቃያ ያለ ለስላሳ ነገር ታየ። አያ አካሉ ለመቁጠር ሞክረው መቶ ሰባ ላይ ዓይናቸው እንባ ሞላና ተዉት።

ለምዝገባው ስድስት ቀን ሲቀር የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ከአጀንዳው አንዱ «ሃይማኖትን ሽፋን ያደረገ ቅስቀሳ» ነበር። አያ አካሉና ጀብሪል ተነሥታችሁ ቁሙ ተባሉ። ክሱ ሲነበብ ጀብሪል እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ያ ረቢ! ዲን ያልነው እኮ ድኝ ነው! ያ ሰዶምን ያነደደው ቢጫ ዱቄት! ወላሂ፣ ለውሻቸው እከክ ነው የወሰዱት! እኚህ ሰው እንኳን ሊሰልሙ፣ እኔን ራሴን ዳዊት ሊያስደግሙኝ ምንም አልቀራቸውም!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባ ጥምጥማቸው እስኪጋደል ሳቁ። ብርሀንነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ሳምንታት ሙሉ የራቃቸው ሰው እየተጋፋ ትከሻቸውን ይመታ ጀመር፤ የአያ አካሉ ስም ባንዲት ደቂቃ ታጠበ። እሳቸው ግን የቀበሌውን ሊቀመንበር ያዩ ነበር። ሊቀመንበሩ አልሳቀም።

«የምን ውሻ?» አለ።

ጀብሪል ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ዓርብ ድኙን ሲሰጥ ለማን እንደሆነ በምስጢር ነግረውታል፣ የውሻውን አዋጅም ሳይሰማ ቀርቶ አልነበረም፤ የአያ አካሉ ስም ሲጠፋ የውሻው ነገር ትዝ ሳይለው ቀርቶ ነው። «ያ አላህ፣ ምን አደረግሁ» ሲል ከአያ አካሉ በስተቀር የሰማው የለም።

ፈንታሁን የተባለ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ይዞ ከአያ አካሉ ጋር ወደ ቤት መጣ።

«የታለ?»

«ሞቷል። ቀብሬዋለሁ» አሉ አያ አካሉ። በዕድሜያቸው የዋሹት ውሸት ቢሰበሰብ አንድ እፍኝ አይሞላም፤ ይችኛዋ ግን አፋቸውን አላደናቀፈችውም።

ፈንታሁን አልጋ ሥር አየ፣ ማጀት ገባ፣ ወደ ጎተራው ዞር ብሎ አየና አለፈ። ከጎተራው ጀርባ ትንፋሽ እንኳ አልተሰማም። ሊወጣ በሩ ጋ ሲደርስ ብራናው የተወጠረበት እንጨት መንገድ ዘጋበት።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ከበሮ ነው?» አለና በጠመንጃው አፈሙዝ መሐሉን ገፋ። ብራናው ጎበጠ፣ የወጠረው ጅማት ጢዝ አለ።

«ቆይ! ቆይ!» ብለው ጮኹ አያ አካሉ።

ወርቅዬ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ፈንታሁን አፈሙዙን መለሰ። ከጎተራው ጀርባ ኮሽታ ተሰማና ቆይ ግማሽ ፀጉር ያወጣ ጅራቱን እየወዘወዘ፣ ሳምንታት ሙሉ ያልተጠራበትን ስሙን በመስማቱ በደስታ እየተልፈሰፈሰ መጣና አያ አካሉ እግር ሥር ተጋደመ።

ፈንታሁን ጎንበስ ብሎ የበቀለውን ፀጉር አየ።

«እየዳነ ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

«ስድስት ቀን ስጠኝ፣ ልጄ።»

«ትእዛዝ ነው አያ አካሉ። እኔ ምን ላድርግ?»

ገመድ አላስፈለገውም። በሩ ላይ ሆኖ «ቆይ፣ ና» አለው። ቆይም እንደ ልማዱ ተከተለው። ትንሽ ቆይቶ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንድ ጥይት ተሰማ።

ብራናው አልተቀደደም። አባ በማግስቱ መጥተው ይቅርታ ጠየቁ፣ ዳዊቱም እንዲያልቅ አዘዙ። አያ አካሉ ለሚካኤል ሌላ ሌጦ ፍቀው አስረከቡ። ያንን ነጩን ግን ከመወጠሪያው አላወረዱትም፤ ጢስ ጠግቦ ቢጫ ሲሆን ያዩት ነበር። ጀብሪል በየዓርቡ እየመጣ ደጃቸው ላይ ይቀመጣል፤ እሱም አይቀልድም፣ እሳቸውም መፋቂያቸውን አያስቀምጡም።

በ1973 መስከረም ላይ አንድ ሰው የግቢውን በር ገፍቶ ገባና በተሰነጠቀ ድምፅ «ቆይ! ቆይ!» ሲል ተጣራ። መፋቂያው ከአያ አካሉ እጅ ወደቀ። አድማሴ ነበር። ሰሚናሩ አልቆለታል፤ ከሄደው አድማሴ የተመለሰው እሩብ ያህሉ ነው። ወርቅዬ እልል ልትል ጀምራ እልልታዋ ወደ ልቅሶ ዞረባት።

አድማሴ መደቡ ላይ ተቀምጦ ዓይኑ ግቢውን ይፈልጋል። እጁ ግን አላረፈም፤ ያክካል። አያ አካሉ ክንዱን ያዙና እጅጌውን ሰብስበው ወደ ፀሐይ ከፍ አደረጉት። በጣቶቹ መሐል፣ በአንጓው ላይ፣ እስከ ብብቱ ድረስ ተሰነጣጥቆ እዥ ቋጥሯል። በየትኛው ክረምት እንደራበው፣ በምን ዓይነት ወለል ላይ እንደተኛ፣ ስንት ጊዜ እንደታሰረና በምን እንደታሰረ አንድ በአንድ አዩት።

ተነሡና ከጎተራው ጀርባ የተቀመጠውን ጣሳ አመጡ። ታቹ ላይ ትንሽ ቢጫ ዱቄት ቀርቷል። በለጋ ቅቤ ለወሱት።

«ምንድን ነው?» አለ አድማሴ።

«ዲን ነው። እጅህን ስጠኝ።»

ሰጣቸው። ከጣቶቹ መሐል ጀምረው ቀስ እያሉ ይቀቡት ጀመር።

«ቆይስ የታለ?» አለ።

አያ አካሉ ቀና አላሉም፤ መቀባታቸውንም አላቆሙም።

«ያቃጥልሃል» አሉት። «ቻለው።»