ባንኩ የጠራኝ ቀን

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ፣ ሆላንድ ውስጥ ሮተርዳም ወደብ ዕቃ አራጋፊ ሳለሁ፣ የመጀመሪያዬን ክሬዲት ካርድ ይዤ ዘ ሄግ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ጥሩነሽ «የመክፈያውን ቀን ትረሳና ወለድ ትከፍላለህ» አለችኝ። እኔም «አራጣ ከቤቴ አይገባም!» ብዬ በማርያም ማልኩ።

በካርዱ ማቀዝቀዣ ገዛን። ሒሳብ ስለማይሆንልኝ የክፍያ መጠየቂያ እስኪመጣ አልጠበቅኩም፤ ደሞዝ በተቀበልኩ ቁጥር ባንክ ሄጄ እከፍላለሁ። ጥሩነሽ ትስቅብኛለች፦ «ካርዱን እንደ ክታብ አንገትህ ላይ እሰረው እንጂ!»

አንድ ቀን ከባንኩ ደብዳቤ መጣ። ደችኛ የምታነበው እሷ ናት። «ስለ ወለድ ነው፤ ቅረብ ይላል። አላልኩህም?» አለች። ትራም ላይ ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ፣ እሷም ከጎኔ እያጉረመረመች ሄድን።

ባንኩ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን ዘረጋች። «ጌታዬ፣ የማቀዝቀዣው ዕዳ ካለቀ ቆይቷል፤ እርስዎ ግን መክፈል አላቆሙም። ትርፍ ገንዘብዎ እኛ ዘንድ ስለቆየ ወለድ የምንከፍለው እኛ ነን።»

ጥሩነሽን ዞር ብዬ አየኋት።

ደረቴን ነፍቼ «አራጣ አልከፍልም፣ አልበላምም። ዋናውን ገንዘቤን ብቻ ስጪኝ» አልኩ።

«ኧረ ተቀበል አንተ ሰው!» ብላ ጥሩነሽ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ልጅቷ ብዕሯን አስቀምጣ አለቃዋን ጠራች፦ «ይምጡ እስቲ፤ ወለድ አልቀበልም የሚል ሰው መጥቷል!»