የቀለም መጋዘኑ

ቤቱን የገዛነው ባንኮች የሰው ቤት እየወረሱ በርካሽ በሚሸጡበት ዘመን ነው። ከኦክላንድ ወደ ደቡብ ካለችው ኒውአርክ ብዙም ሳትርቅ፣ ማንም ስሟን ሰምቶ በማያውቃት ትንሽ ከተማ። ሦስት መኝታ ቤት፣ ጋራዥ፣ ጓሮው ውስጥ የሎሚ ዛፍ። ከአጥሩ ወዲያ መስኮት የሌለው ግራጫ መጋዘን አለ። ባለቤቴ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ።

"የቀለም መጋዘን ነው" አልኳት።

ቀለም አልነበረም። ስንዋዋል ከተሰጡን ወረቀቶች አንዱ፣ ከየሆስፒታሉና ከየላቦራቶሪው የሚሰበሰብ ጨረር የነካው ጓንት፣ ልብስና ብልቃጥ በበርሜል ታሽጎ እንደሚቀመጥበት በግልጽ ይናገራል። በሕይወቴ ከመፈረሜ በፊት ያነበብኩት ብቸኛ ወረቀት እሱ ነው። ቤቱ ለምን እንደረከሰም የገባኝ ያኔ ነው። ባለቤቴም ፈርማለች፤ እኔ እያገላበጥኩ "እዚህ ጋ" ስላት፣ እኔን አምና። ኦክላንድ ሳለን ከላያችን ያለው ጎረቤት ከበሮ ሲደልቅብን ዓመታት አሳልፈናል። እና የሎሚውን ዛፍ አይታ ፈገግ ስትል እውነቱን መናገር አቃተኝ።

ውሸት ደግሞ ቀለብ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ወጥ ቤቱን ልንቀባ ስንል ባለቤቴ ጎረቤት ቀለም እያለ ምን ሱቅ ያስኬዳል፣ ጠይቃቸው አለችኝ። መኪናዬን አስነስቼ ሱቅ ሄጄ በሙሉ ዋጋ ገዛሁና "ጎረቤት ነህ ብለው ቅናሽ አደረጉልኝ" አልኳት። እግዜር ይስጣቸው ብላ መረቀቻቸው።

እንዲህ ሁለት ዓመት እንደኖርን ከከተማው ካርድ መጣ። የመጋዘኑ ባለቤት የሆነው ድርጅት ሌላ የበርሜል ማከማቻ ከጎኑ ሊሠራ ስለጠየቀ፣ የከተማው ምክር ቤት ቅዳሜ ጠዋት የነዋሪውን አስተያየት ይሰማል ይላል። ካርዱን ቀዳድጄ ጣልኩት። በማግስቱ ግን ብርቱካናማ ካናቴራ የለበሰች አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት በየቤቱ እያንኳኳች ወረቀት ስታድል በሩን የከፈተችው ባለቤቴ ናት።

"ቀለሙን አንስተው ኑክሌር ሊያመጡብን ነው አሉ" አለችኝ ማታ ከሥራ ስገባ። ከዚያ ቁርጡን ነገረችኝ፦ ይህ ነገር ከገባ እሷ እዚህ ቤት አታድርም፣ ሳን ሆዜ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች። ባለቤቴ ለማስፈራራት ብላ አትናገርም። በዚያው ሳምንት ትልቁ ብረት ድስት ወደ ሳን ሆዜ ሄደ። ቀጥሎ በርበሬው ተከተለ። በርበሬ ከቤት ሲወጣ ትዳር ለመውጣት ጫማውን እያሰረ ነው።

እንግዲህ ጭንቄ ሁለት ሆነ። አዲሱ ማከማቻ መቅረት አለበት፤ ስለ አሮጌውም ማንም ትንፍሽ ማለት የለበትም።

ነገር ሲጠብቅብን የምናውቀው መላ አንድ ነው፤ ሽማግሌ መላክ። ኦክላንድ ሄጄ ከእድራችን ሦስት ሽማግሌዎች ለመንኩ። አንዱ የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው። ሁለተኛው ዕድሜያቸውን በመኪና ማቆሚያ ጥበቃ የጨረሱ ኤርትራዊ አባት ናቸው። ሦስተኛው ጆሯቸው ስለማይሰማ በሁሉም ነገር ይስማማሉ። እኔ ያልኳቸው ሕዝብ በዝቶ እንዲታይ መጥታችሁ ቁጭ በሉልኝ ነበር። እነሱ የሰሙት ግን ሽማግሌ ሁኑልኝ የሚለውን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው መጡ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ባለቤቴም ከሳን ሆዜ ከመጣችው እህቷ ጋር መሀል ተቀምጣለች። ሦስቱም ቀጥ ብለው ወደ ፊት ሄደው ከምክር ቤቱ አባላት ፊት ተደርድረው ቆሙ። ሰብሳቢዋ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ እንዳለው አስረድታ፣ እስከዚያው እባካችሁ ተቀመጡ አለች። ተረጎምኩላቸው።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፤ በላት" አሉ ሊቀመንበሩ።

ምን ላድርግ፣ እንዳሉት ለሰብሳቢዋ ነገርኳት። ባለብርቱካናማ ካናቴራዋ አሮጊት ይህን ስትሰማ እሷም ብድግ አለች። ተቃውሞ መስሏት ነው። ከኋላዋ ያለው ሁሉ ተነሣ። የድርጅቱ ጠበቃ የሚያየው ጀርባ ብቻ ሲሆንበት ተነሣ። በመጨረሻ ሰብሳቢዋም ተቀምጣ መምራት ከበዳትና ቆመች። ሊቀመንበራችን እጄን ሳብ አድርገው ጉልበታቸው እያመማቸው ስለሆነ ቶሎ እንዲወስኑ ንገራቸው አሉኝ።

ከዚያ የከተማው የሕግ አማካሪ መጥፎ ወሬ ነገረን። የጨረር ጉዳይ የክፍለ ሀገሩና የፌዴራል መንግሥቱ እንጂ የከተማው ሥልጣን አይደለም፤ ምክር ቤቱ ማየት የሚችለው ስለ ሕንጻው ብቻ ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱ ስለ አጥር ቁመት ተወያየ። አጥሩ ሥር ምን ዓይነት ዛፍ ቢተከል እንደሚያምር ተወያየ። ኑክሌር የሚል ቃል የተናገረ ሁሉ ከርዕስ ወጣህ ተባለ።

ኤርትራዊው አባት ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሕንጻ ንድፍ በመነጽራቸው እያዩ ነበር።

"ልጄ፣ ይህ ሰውዬ መኪና የት ሊያቆም ነው?" አሉኝ። "የማቆሚያው ሎት አይበቃም። ትራኩ ገብቶ ተርን ሲያደርግ ስድስቱን ቦታ ይበላዋል።"

ተረጎምኩ። የምክር ቤቱ ሰዎች ንድፉን አስወርደው እንደገና ቆጠሩ። ጠበቃው በርሜል መኪና አይነዳም ብሎ ተከራከረ፤ ደንቡ ግን ስለ ሕንጻው ስፋት እንጂ ስለ ነጂው አይጠይቅም። በፓርኪንግ ጉድለት ፈቃድ ተከለከለ። ያ ሁሉ ጨረር በስድስት መኪና ማቆሚያ ተሸነፈ። ሽማግሌዎቼ ተቀመጡ፤ አዳራሹም ተቀመጠ፤ ተጨበጨበ።

ጭብጨባው ሳይበርድ አንድ የፕላን ክፍል ሠራተኛ ለነዋሪው ማጽናኛ ብሎ ማይክ ያዘ። አትሥጉ፣ አሮጌው መጋዘን ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ ያንኑ ቆሻሻ ይዞ ማንንም አልጎዳም፤ ቤት የገዛችሁም ሁሉ ስትፈርሙ ተነግሯችኋል አለ። ባለቤቴ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። ቦርሳዋን አንስታ ከእህቷ ጋር ወጣች። የዚያን ዕለት እንዳፈርኩት አፍሬ አላውቅም።

በሳምንቱ ያንኑ ሦስት ሽማግሌ ይዤ ሳን ሆዜ ሄድኩ። ሳሎን ገብተው ተደርድረው ቆሙ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት እጇን እየጠረገች መጣች፤ የድስቴ ሽታ ተከትሏታል።

"አባቶቼ፣ እናንተ ቁጭ በሉ" አለች። "የሚቆመው እሱ ነው።"

ተናግራ ሳትጨርስ ሦስቱም ተቀመጡ። ከሃዲዎች። ምሳ ቀረበላቸው፤ እኔ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ ሲጎርሱ አያለሁ።

"በርሜሉስ ክዳን አለው" አለችኝ። "ያንተን ውሸት በምን ልክደነው? የወጥ ቤቱን ቀለም ከየት ነበር የገዛኸው?"

"ከሱቅ። በሙሉ ዋጋ።"

ሊቀመንበሩ ትን አላቸው። ባለቤቴ ውኃ ልታመጣ ዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰች መሰለኝ። እየሳቀች ነበር። እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ ሁሉንም ከሎሚው ዛፍ ጀምሬ እዚያው ቆሜ ተናዘዝኩ።

ድስቱ ከወር በኋላ ተመለሰ። በርበሬው ዘግይቶ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በብልቃጥ። አሮጌው መጋዘን ዛሬም ከአጥራችን ወዲያ አለ። ከከተማው ደብዳቤ ሲመጣ እሷ ሶፋው ላይ ቁጭ ትላለች፤ እኔ ከፊቷ ቆሜ ከአድራሻው እስከ ፊርማው አነብላታለሁ። እስካሁን ተቀመጥ አላለችኝም።