ሰስ ፍለጋ ወጥተን ነብር መሃላችን ገባ

በደርግ ጊዜ ነው። ጥር ሲሆን፣ እህሉ ተወቅቶ ገብቶ ጾሙም ገና ሳይያዝ፣ ለአዳኝ ከዚያ የተሻለ ወቅት የለም። ሣሩ ደርቆ፣ አቧራው ላይ ዱካው ፍንትው ብሎ ይታያል። የማድነው ከሰይድ ጋር ነበር። እሱ የደብረ ታቦር ሸማኔ፣ እኔ ገበሬ። እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ሥጋ ስለማንካፈል ተራ ነበረን። የዛሬዋን እኔ ካረድሁ የሚቀጥለዋን እሱ ያርዳል። መሣሪያችን ገበሬ ማኅበሩ መዝግቦ የተወልኝ አንድ ጥይት ጎራሽ ውጅግራ ነው።

የዚያን ለት ወደ ጉና አቅጣጫ ያለውን ዓለታማ ኮረብታ ያዝን። ሰስ ታውቃላችሁ፤ በሰኮናዋ ጫፍ ቆማ ከዓለት ዓለት የምትዘል ትንሽ የገደል አውሬ ናት። ዱካዋ ወደ አንድ ጠባብ እርከን ወጣ። አንድ ሰው በጎኑ ነው የሚያልፍበት፤ ከላይ ዓለት፣ ከታች ገደል።

«አንተ በዚያኛው ጫፍ ግባ፣ እኔ በዚህኛው፤ መሃል እናገኛታለን» አልሁት።

በረባሶዬን አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርሁና በባዶ እግሬ ወጣሁ። ኮረብታው ጭር ብሏል፤ ቁራ እንኳ አይጮኽም። ድንገት ሰሷ ከአናቴ በላይ አፏጨች። ቀና ብዬ ሳያት የምታየው እኔን አይደለም፤ ከፊቴ ያለውን እርከን ነው።

ጥጉን ስዞር ነብር ተኝቶበታል። ብድግ ብሎ ጆሮውን አጣበቀ። አነጣጠርሁ። ከዚያ ርቀት ስቼ አላውቅም። ያኔ ከነብሩ ኋላ የሰይድ ድምፅ መጣ፤ ሸማውን እየሸመነ የሚያወራ ያህል የረጋ።

«ጥጋቡ፣ አትተኩስ። ከኋላው አለሁ።»

«ተመለስ።»

«ከዞርሁ ይይዘኛል። መንገድ ስጠው።»

ነብሩ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን እያየ ሆዱን መሬት አስነካ፤ ሊዘል ነው። ወደ ኋላዬ ብሸሽ እርከኑ ሳይሰፋ ይደርስብኛል። ውጅግራዬን ዓለቱ ሥር አስተኛሁና ጠርዙን በሁለት እጄ ይዤ ገደሉ ላይ ተንጠለጠልሁ። እግሬ የሚረግጠው አጣ። ትንፋሹን ሰማሁ፤ ከዚያ ክብደቱ ቀኝ እጄ ላይ አረፈ፣ ጥፍሩም ገባ። አልለቀቅሁም። ጠጠር ፊቴ ላይ እያረገፈ አለፈ።

ሰይድ ደርሶ በክንዴ ጎትቶ አወጣኝ። ጀርባችንን ለዓለቱ ሰጥተን ተቀመጥን።

«ሰሷስ?» አለ በኋላ። ሳቅን።

ይኸው ጠባሳው። ዒላማ መምታቱን ማንም ይለምደዋል። እኔ ከዚያ ወዲህ ሰው ይዤ ስወጣ ሁሉንም በአንድ ወገን ነው የማቆመው፤ ሌላው ወገን የአውሬው ነው።