የእህቴን ሕዋሳት ወሬ ይዤ ወደ ስማዳ

ደስ የሚል ወሬ ይዛችሁ ስትሄዱ፣ ከወሬው ይልቅ ማስረዳቱ አስጨንቋችሁ ያውቃል? ባለፈው ቅዳሜ እኔን ገጥሞኛል።

ቅዳሜ፣ ከጧቱ 12 ሰዓት፣ ንፋስ መውጫ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። መናኸሪያው ውስጥ የምስር ከረጢት፣ የዘይት ጀሪካን፣ በጋቢ የተሸፋፈነ ሰው። እዚህ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ወላጆቼ ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር ይኖራሉ፤ ስልክ አይሠራላቸውም።

ታላቅ እህቴ ይታይሽ ለትምህርት ውጭ አገር ሳለች፣ ውስጥ እግሯ ላይ የወጣው ጥቁር ነጥብ የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ወደ ሳንባዋም ተዛምቷል። ሐኪሞቹ ከዕጢው ውስጥ በሽታውን የሚዋጉ ነጭ የደም ሕዋሳት አወጡ፣ አራቧቸው፣ መልሰው በደም ሥሯ ሰጧት። ትናንት ውጤቱን ነገረችኝ፤ ሕዋሳቱ ደሟ ውስጥ አሉ፣ ዕጢውም እየሟሸሸ ነው።

ነገር ግን ሕዋሳቱን ለመከታተል ገና አንድ ዓመት በየወሩ ደም ይወስዱላታል። አባቴ ደግሞ ደም መወሰዱን ሰምተው «ደሟን ቀድተው ሳይጨርሷት ትምጣ» ብለው መልእክት ልከዋል። እሷም ያለ አባቷ ምርቃት አልቆይም ብላለች። ከመጣች ክትትሉ ይቋረጣል፤ ካንሰሩ ቢያገረሽ ማን ያይላታል?

2 ሰዓት ከሩብ፣ መንገድ ላይ

ጠጠር፣ አቧራ፣ ቁልቁለት። ግራና ቀኙ የታጨደ ገብስ ነው።

«መምህር፣ ብቻህን የምታወራው በሰላም ነው?» አለኝ ሹፌሩ።

ለአባቴ የምናገረውን እየተለማመድኩ ነበር፤ እሱም ላይ ሞከርኩት። «በግ ለሌላ ሰው ለርቢ ስትሰጥ እንድትለያት ጆሮዋን ትሰነጥቅ የለ? የእህቴም ሕዋሳት እንደዚያ ምልክት አላቸው።»

«በቃ፣ ገባኝ! እኔ ከገባኝ አባትህ አያቅታቸውም።»

«አንተ ደግሞ ምን ይገባሃል?» አሉ ከኋላ የተቀመጡ እናት። «ጉድጓዱን እንኳ አላየኸው፣ ወገቤን ቆረጥኸው!»

መኪናው በሳቅ ተሞላ። እኔም ልቤ ሞላ። ወገዳ ላይ ሽሮዬን በጥድፊያ በልቼ በእግሬ ቀጠልኩ።

8 ሰዓት፣ ቤት

እናቴ ከሩቅ አይታኝ ሮጠች። ሰላምታ እንኳ አልቀደመም። «አለች?»

«አለች፣ እማዬ። እየተሻላት ነው።»

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለችና አፈሩን ሳመች።

አባቴ አውድማው ላይ ነበሩ። ሲሰሙ «ተመስገን» አሉ፤ ገለባ የሚበትኑበትን መንሽ ግን አላስቀመጡም። «ታዲያ ከተሻላት ደሟን ለምን ይቀዳሉ?»

ሕዋሳቱን እንዴት እንዳራቧቸው ነግሬ የበጓን ጆሮ ምሳሌ አመጣሁ። ገለባውን እያገላበጡ ሰሙኝ።

«አራቧቸው አላልህም?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ጆሮዋን የሰነጠቅኋት በግ ስትወልድ፣ ግልገሏ ጆሮው ተሰንጥቆ ይወጣል?»

«አይወጣም» አልኩ።

«እንግዲያ ከረቡ በኋላ በምን ለዩአቸው? ወይ እነሱ ዋሽተዋል፣ ወይ መምህሩ አያውቀውም።»

አባቴ ልክ ነበሩ። ሕዋስ ቀለም ቢቀቡት፣ ሲራባ ቀለሙ ለልጆቹ እየተከፋፈለ ሳስቶ ይጠፋል። ምሳሌዬ ቆንጆ ነበር፤ ግን ስህተት።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትሁ» አልኩ። «እያንዳንዱ ሕዋስ ጠላቱን የሚይዝበት መንጠቆ አለው። የመንጠቆው ቅርጽ በዘሩ የተጻፈ ነው፤ ሲራባ ለልጅ ልጁ ይወርዳል። ደሟን የሚወስዱት ያንን ጽሑፍ ሊያነቡ ነው።»

መንሹ ቆመ። «እንደ ቦቃዋ በለኛ! ግንባረ ነጯን ለርቢ ሰጥቻት የልጅ ልጇን በግንባሩ አይደል የለየሁት?»

«እንደሱ ነው።»

«በየወሩስ?»

«መንጋው እንዳለ ለማየት። ከሳሳ ቶሎ እንዲደርሱላት።»

ወደ በረቱ ዞር ብለው በጎቻቸውን አዩ። «መንጋ ያለው ሰው ይቆጥራል» አሉ። «የማይቆጥር እረኛ ነው የሚያስፈራ። ስልክህን አምጣ።»

ድምፅ መቅጃውን ስከፍትላቸው ቆባቸውን አውልቀው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ይታይሽ ልጄ፣ ይቁጠሩልሽ። የምትሰጪውን ደም እግዜር ይተካልሽ። ቆይተሽ፣ ድነሽ ግቢ።»

እናቴ «አሜን» ስትል ድምፅዋ አብሮ ተቀዳ።

እሑድ፣ 4 ሰዓት፣ ወገዳ

ኔትወርክ እንደያዘ ላክሁት። ብዙ ሳይቆይ መልሷ ገባ፤ «ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ነገ ለደሙ እሄዳለሁ።»

እናንተም እስቲ ሞክሩት። ጠንቅቄ አውቀዋለሁ የምትሉትን አንድ ነገር አውድማ ላይ ላለ ሰው አስረዱ። ጥያቄ ካነሳባችሁ አትቸኩሉ፤ መንሹ እስኪቆም አብራችሁት ቁሙ።